አደም ላይ ቁርስ

ከመስከት ወጣን በሌሊት፤
ሻንጣው ከላይ፣ ልጆቹ ከኋላ፣
ባባ መሪውን ይዞ፣ ማዳም ስልኳን ይዛ፣
ቢቢ ሸምሳ አንገታቸው በእንቅልፍ ላልቶ፣
እኔ በውሃ ኮዳና በዳይፐር ከረጢት መሃል።

ዝናብ ሊያዩ ነው የሚሄዱት።
ሰላላ ድረስ፣ ሺህ ኪሎሜትር፣ ካፊያ ሊያዩ!
እኔ ሐምሌን ጠግቤ፣
የወረኢሉን ጭቃ ሸሽቼ የመጣሁት፣
ሳቄን በሻርፔ ጫፍ አፈንሁት።

ሰማዩ ገረጣ፣ ከዚያ ነጣ፣ ከዚያ ጋለ፤
ከአሸዋው መሃል አንድ ሰሌዳ ብቅ አለ።
ፊደል በፊደል ለቀምሁት፦ አሊፍ፣ ዳል፣ ሚም።
አደም! ሌላ ስም አይሆንም።
ትንሽ ከተማ፤
ቴምር፣ ነዳጅ ማደያ፣ የጭነት መኪና ጎማ።
ያ አባታችን ትዝ አለኝ፦
እሱ በልቶ ተሰደደ፣
እኔ ልበላ ተሰደድሁ።
የማናችን ይሻላል?
አላወቅሁም፤ ደግሞም ርቦኛል።

ካፍቴሪያዋ ጎማ ጠጋኙን ተደግፋ ቆማለች፣
እንደ ታናሽ እህት።
ባባ ጥሩምባ ነፋ፤
እዚህ አገር ለቁርስ ከመኪና አይወረድም፣
ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ይሮጣል።
ሮጦ መጣ ቢጁ (ስሙን በኋላ ነው የሰማሁት)፣
የኬረላ ልጅ፣ እርሳስ ከጆሮው በላይ፣ ዱቄት እስከ ክርኑ።
ጻፈ፦ ለባባ ፉል፤
ለማዳም ፓራታ፣ አይብና ማር ተቀብቶ፤
ለልጆቹ እንቁላል፣ ቺፕስ ከነኮሽታው ተጨፍልቆበት፤
ለቢቢ ሸምሳ ደረቅ ብስኩትና ስኳር የሌለው ሻይ፣ ሐኪም እንዳዘዘው።
እርሳሱ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።
«እሷስ? ምን ትበላለች?»

አራት ዓመት «በላሽ?» ሲሉኝ ኖረዋል፣
አላህ ይስጣቸው፣ ጦሜን አላደርሁም።
«ምን ትበያለሽ?» ግን
ከቤቱ ሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም።
ምላሴ ላይ ስንቱ ተግተለተለ፤
አንዱም በዓረብኛ ስም የለው።
«ወርጄ ልይ» አልሁ።
ከማቀዝቀዣው በቀር ሁሉ ዝም አለ።
ያኔ ነው የቢቢ ሸምሳ ከዘራ ወለሉን የመታው፦
«እኔም እወርዳለሁ!»

ተሽከርካሪ ወንበሩ ኮረቱ ላይ ተንገጫገጨ።
ሁለት የባሉች ሾፌሮች ሰላም ብለው ጠጋ አሉልን፤
ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ካርቶን ታጥፎለታል።
ጋጋሪውን አየሁ፦ ሊጡን እንደ ሻሽ ያሳሳዋል፣
ይጠቀልለዋል፣ ብረቱ ላይ ይደፋዋል፣
ሲበስል በሁለት መዳፉ አጨብጭቦ ያፈራርሰዋል።
ያንን፣ አልሁ በጣቴ።
ቢጁ አየኝ። «ሐበሺያ?» አለ።
ሳልጠይቀው ሦስት ቃሪያ ከሳህኑ ዳር አኖረልኝ።

ነከስሁት። ጆሮዬ ድረስ ነደደ፣
ዓይኔ ሞላ።
«ማን ነካሽ?» አሉ ቢቢ ሸምሳ፣ ከዘራቸውን አንሥተው።
«ቃሪያው ነው» አልሁ፤ እውነቴን ነበር፣ ግማሹን።
ያንን ኩባያ የማይጨብጠውን እጅ፣
ያንን ማንኪያ የምይዝለትን፣ ዘረጉና
አንዱን ቃሪያ ላፍ አደረጉ።
ሐኪሙ ይህን ቢያይ!
ሳሉ፣ ቀሉ፣ ከዚያ ሳቁ፤
በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ
ሦስቱንም ጥርሳቸውን ቆጠርሁ።

ከመኪናው ጥሩምባ ተነፋ።
ቢጁ ቀና አለ። እኔም ከወንበሬ ግማሽ ተነሣሁ፤
እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይሰማል።
ደግሞ ተነፋ፣ ረዘም አድርጎ።
ቢቢ ሸምሳ ወደዚያ አልዞሩም።
«ይንፋ» አሉ። «ተቀመጪ። ሻይሽን ጨርሺ።»

ጨረስሁ፤
ከብርጭቆው ሥር የቀረውን ስኳር ሳይቀር፣ በጣቴ።